የሰባተኛ ክፍል ሬዲዮ

ከሚሴ ስመደብ ከደብረ ብርሃን ብርድ የመጣሁ፣ ገና ጀማሪ የአማርኛ መምህርት ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ልጆቹ ሌላውን ትምህርት የሚማሩት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ነው። የእኔ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮው ሲግልና ዓይን ሁሉ ሲከደን ነበር።

እኔ እጽፋለሁ፣ እነሱ ይገለብጣሉ። ጥያቄ ስጠይቅ ዝም። የእረፍት ደወል ሲደወል ግን ያ ዝምተኛ ክፍል ሜዳው ላይ በሳቅና በወሬ ይፈነዳል። ልጆቹ ወሬ አላጡም፤ ያጡት የመሳሳት ድፍረት ነው።

አንድ ቀን የበቆሎ ቆረቆንዳ በጥቁር ካልሲ ጠቅልዬ ይዤ ገባሁ።

«ይህ ማይክራፎን ነው» አልኳቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ክፍል ሬዲዮ ጣቢያ ነው። የያዘ ሰው የሰፈሩን ዜና ይናገራል። ቃል ቢጠፋው በኦሮምኛ ይበለው፤ አማርኛውን አድማጮች ይፈልጉለታል።»

ማንም አልተነሳም። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ብድግ አለች። ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ፣ ስሟን ስጠራ እንኳ እጇን ብቻ የምታወጣ ልጅ ናት። ቆረቆንዳውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ትናንት ማታ እኛ ቤት... ጀቢ...»

«ጥጃ!» አለ ክፍሉ ባንድ አፍ።

«ትናንት ማታ እኛ ቤት ጥጃ ወለድን።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ምንም አልቀረው። አለቀላት፣ ትቀመጣለች ብዬ ደነገጥኩ። እሷ ግን ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና «ዜናው ይቀጥላል» አለች። ጥጃውን የወለደችው ላም መሆኗንም አክላ ተናገረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ተራ ጠባቂው በዛ፤ እኔም በየቀኑ ከነሱ አንድ ሁለት የኦሮምኛ ቃል መማር ጀመርኩ።

ወሬው ሰፈር ደረሰ። አንድ ከሰዓት የልጅቷ አባት ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ በር ላይ ቆሙ።

«አሰላሙ አለይኩም። እቱ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ሬዲዮ እንጫወታለን አለችኝ። እኔ የላክኋት ለጨዋታ አይደለም።»

«አባቴ፣ ይግቡና ይስሙት። ካልወደዱት እተወዋለሁ» አልኳቸው። ገብተው ጠባቧ ወንበር ላይ እንደምንም ተቀመጡ።

ልጅቷ ቆረቆንዳውን አንስታ ቀጥ ብላ ወደ አባቷ ሄደች። ቤት «አባ፣ አንተ» የምትላቸውን ሰውዬ አንቱ አለቻቸው። «የዛሬው እንግዳችን ገበሬ ናቸው። ልጅ ሳሉ ሰፈራችን ምን ይመስል ነበር?»

ሰውዬው ሳቃቸውን ዋጡ። ከዚያ ግን ስለ ልጅነታቸው በአማርኛና በኦሮምኛ እያቀላቀሉ ማውራት ጀመሩ። በበጋ ከቆላ የሚመጡ አፋሮች ከብቶቻቸውን ይዘው እንዴት እንደሚሰፍሩ፣ ሣሩ የሰው ወገብ ይደርስ እንደነበር። «ጨፌው...» ሲሉ ክፍሉ ተቀበላቸው።

«ረግረግ!»

«ውሸት፣ መስክ ነው!»

«መስክ ውሃ አለው እንዴ?»

በአማርኛ እንዲህ ሲከራከሩ ሰምቼ አላውቅም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም ጥያቄውን መልሼ ለክፍሉ ሰጠሁት። አንዱ ተማሪ «ጨፌን ለምን ጨፌ አንለውም?» ሲል አባትየው ከት ብለው ሳቁ። ልጁ እውነቱን ነው፤ ቃሉ አማርኛም ውስጥ ከገባ ቆይቷል።

ሲወጡ በሩ ላይ ዞር አሉ። «አልሃምዱሊላህ። ልጄ እንዲህ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቤት እኮ ወንድሞቿ አያስወሯትም።» ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እቱ፣ ሌላ ቀንም ብመጣ ይቻላል?» አሉኝ።

መጡም። ጎረቤታቸውንም ይዘው መጡ።

ዝውውሬ ሲደርሰኝ ልጆቹ አስፋልቱ ዳር ድረስ ሸኙኝ። አንዷ ፓፓያ፣ አንዷ ማንጎ ሻንጣዬ ላይ ይጭናሉ። ያቺ ልጅ የሚኒባሱን በር ይዛ «ቲቸር፣ የሚሄዱበት አገር ኦሮምኛ ማን ያስተምርዎታል?» አለችኝ። አቀፍኳት።

ዛሬ የማስተምረው በአማርኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆችን ነው። ጎበዞች ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ። አንዳንድ ከሰዓት ግን ክፍሉ ጭጭ ሲል፣ ስለ አንዲት ቃል አርባ ልጅ ሲጮህ መስማት ያምረኛል።