የአባቴ ምንሽርና የሌላ ሰው ቃታ

ሞጣ ከተማ የጨርቅ ንግድ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ከአባቴ የወረስኩትን ምንሽር ያለ ፈቃድ መያዝ እንደማልችል ተነገረኝ። የነገረኝ የከተማው ፖሊስ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። «ሌላ ቀን ያለ ወረቀት ካገኘሁህ እወስደዋለሁ። ያን ጊዜ አትለምነኝ» አለኝ።

ያለ ጠመንጃ ንግዱ አይሆንልኝም። ጨርቁን በበቅሎ ጭኜ ከገበያ ገበያ እዞር ነበር። በጉንደ ወይን በኩል ባለው መንገድ አንድ ቀን ሁለት ሰዎች ከቁጥቋጦ ወጥተው አቆሙኝ። ምንሽሩን ከትከሻዬ አውርጄ በእጄ ስይዘው መንገዱን ለቀቁልኝ። አልተኮስኩም፤ መተኮስም አላስፈለገኝም።

አባቴ የቢቸና አውራጃ ሰው ስለነበር ፈቃዱ የሚወጣው ከቢቸና ነው ተባልኩ። ማመልከቻውን ራሴ ጻፍኩ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል ያስቆጠሩኝ ጎረቤታችን የነበሩ ቄስ ናቸው፤ የቢሮ አጻጻፍ የለመድኩት ደግሞ የሰው ማመልከቻ እየተዋስኩ በመገልበጥ ነው። በስተግራ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ትቼ፣ ስርዝ ድልዝ ሳላደርግ ጻፍኩ። ጠመንጃው የአባቴ መሆኑን ሦስት የመንደራችን ሰዎች የመሰከሩበትን ወረቀትም አያያዝኩ። የሚጎድል ነገር የለም ብዬ ተማምኜ ቢቸና ካለው የአውራጃው ቢሮ ገባሁ።

መዝገብ ያዡ ወረቀቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ወዶታል። ከዚያ ምንሽሩን ተቀበለኝና ቃታውን፣ ጥይት የሚያጎርሰውን ብረት፣ ወደ ኋላ ስቦ አወጣው። በጨርቅ ጠረገና ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው።

«ስንት ጠመንጃ ነው ያመጣኸው?» አለኝ።

«አንድ ነው ጌታዬ።»

«እኔ ሁለት አያለሁ። አፈሙዙ ላይ ያለው ቁጥር ሌላ፣ ቃታው ላይ ያለው ሌላ። ግማሹ ያንተ ነው እንበል። ግማሹ የማን ነው?»

አግዳሚው ላይ ተራ ከሚጠብቁት አንዱ «ግማሽ ፈቃድ ስጡትና ይሂድ!» አለ። ሁሉም ሳቁ።

መዝገብ ያዡ አልሳቀም። ቁጥሩ የማይገጥም ጠመንጃ የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል ከዚያው እንደሚቆይ ነገረኝ። እስከ ዓርብ ትክክለኛውን ቃታ ካመጣሁ ይመዘገባል፤ ካላመጣሁ ይወረሳል።

«እንግዲያው የአፈሙዙን ቁጥር ጽፈው ደረሰኝ ይስጡኝ» አልኩት።

«ምነው፣ የምንበላው መሰለህ?»

«አይደለም ጌታዬ። ቁጥሩን ግን ይጻፉልኝ።»

ጻፈልኝ። ደጁን ሳልሻገር ቃታው የት እንደተለወጠ አውቄ ነበር።

በእኛ አገር ድግስ ላይ መጠጥ ከመቅረቡ በፊት ከእንግዶች ጠመንጃ ቃታው ይወጣል። ጠመንጃው ባለቤቱ ጉልበት ላይ ይቆያል፤ ቃታው ግን እስኪሸኙ ድረስ ደጋሹ ዘንድ በእንቅብ ይቀመጣል። ጠብ ቢነሣ እንኳ የሚተኩስ አይኖርም። በአባቴ ተዝካር ቀን እንቅቡን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እንዳይምታታ ብዬ በእያንዳንዱ ቃታ ላይ የባለቤቱን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፌ በክር አሰርኩ። የአባቴን ብቻ ሳልጽፍበት አስገባሁ። የራሴ ዕቃ ይጠፋኛል ብዬ አላሰብኩም። ማምሻ ላይ ሳከፋፍል አንዱ ወረቀት ወልቆ ወድቋል፤ ሁለት ስም የሌላቸው ቃታዎች ቀሩ። አንዱን ሰጠሁ፣ አንዱን አስቀረሁ። ከዚያ ወዲህ የኔው ሲሳብ ይከብድ ነበር። ዘይት ያነሰው መስሎኝ በየሳምንቱ ስቀባው ከረምኩ።

ወረቀታቸው የወደቀባቸው ሰው ማን እንደነበሩም አልረሳሁም። ከአባቴ ጋር በማሳ ወሰን ስድስት ዓመት የተሟገቱ፣ አሁንም ከኔ ጋር የሚሟገቱ ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው። ወደ ተዝካሩ የመጡት ለጉርብትና ያህል ነው። ቃታው የኔ ነው ካሉ ጠመንጃዬ ቢቸና ይቀራል።

በማግሥቱ ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ ግማሽ ቀን ተጉዤ መንደራችን ደረስኩ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ሞፈር ይጠርባሉ። ጉዳዩን ከነገርኳቸው በኋላ መጥረቢያቸውን አስቀመጡ።

«አባትህ ማሳዬን የኔ ነው አለ። አንተ ቃታዬን የኔ ነው ትላለህ። ልጅህ ደግሞ ሱሪዬን ሊል ነው?»

«ምንሽርዎን ያውጡና ቁጥሩን አብረን እንየው።»

«ማንበብ የምታውቅ አንተ። አንተ ያነበብከውን እኔ በምን ልመን?»

እውነታቸውን ነው። ጥቂት አሰብኩና ደረሰኙን መሬት ላይ ዘረጋሁ፤ ምንሽራቸውን አስመጥቼ ቃታውን አወጣሁና አጠገቡ አስቀመጥኩ። «አያንብቡት። የከብት ምልክት እንደሚለዩ አድርገው ብቻ ይዩት» አልኳቸው። ጎንበስ አሉ። በጥፍራቸው አንዱን ምልክት ከሌላው እያስተያዩ ከወረቀቱ ወደ ብረቱ፣ ከብረቱ ወደ ወረቀቱ ተመላለሱ። ከዚያ የራሳቸውን አፈሙዝ አዩ።

«ይህ መንጠቆ የመሰለው ወረቀትህ ላይ አለ። ቃታው ላይም አለ። አፈሙዜ ላይ የለም» አሉ። ቀና አሉ። «ከተዝካሩ ወዲህ ስስበው እንቢ ይለኛል። እኔ እኮ እርጅና ነው ብዬ ነበር።»

ቃታውን ግን በእጃቸው ጨበጡት። የሳቸው ቃታ ቢቸና ቢሮ ተይዟል፤ ለማስመለስ ራሳቸው መሄድ አለባቸው፤ እሳቸውም ፈቃድ የላቸውም። «ጠመንጃዬን በእግሬ ሄጄ ላስረክብ?» አሉኝ። ማመልከቻ እንደምጽፍላቸው ነገርኳቸው።

«ስለ ወሰኑ አንዲት ቃል ብታስገባበትስ?»

«ቄሱ ያንብቡልዎ።»

ጻፍኩላቸው። ቄሱ አነበቡላቸው። ሽማግሌው ሁለተኛ እንዲያነቡ ጠየቁ፤ ከዚያ ምስክር ቆጥረው ወረቀታቸውን አሟሉ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለታችንም ቢቸና አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ነበር። መዝገብ ያዡ ቃታዎቹን አለዋወጠ። የኔው ያለ ምንም ድምፅ ገብቶ ተቀመጠ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበና ብዕሩን አነሣ።

«አንተ የምትኖረው ሞጣ ነው። የዚህ አውራጃ ሰው ዋስ ያስፈልግሃል» አለኝ።

ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። አፌን ከመክፈቴ በፊት ሽማግሌው «እኔ አለሁ» አሉ።

«ዝምድናችሁ ምንድን ነው አባቴ?»

«ባለጋራዬ ነው።»

መዝገብ ያዡ ብዕሩን አስቀመጠ። «ባለጋራ ዋስ ይሆናል?»

«ከኔ የበለጠ ማን ያውቀዋል? እሱና አባቱ ያሉትን ሁሉ ከስድስት ዓመት በላይ ስሰማ የኖርኩ ነኝ። ማሳው የሱ አይደለም። ጠመንጃው ግን የሱ ነው። ጻፍ።»

ተጻፈ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው አተሙልኝ። ማኅተም እስኪመታ ጠብቀን ሁለቱንም ፈቃድ ይዘን ወጣን።

«የኔን አንብብልኝ» አሉ ደጅ ላይ። ራሳቸውንና ንብረታቸውን ለመጠበቅ የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ከማን ይላል?»

«ከማን እንደሆነ አልተጻፈም።»

«ያንተም እንዲሁ ነው?»

«ቃል በቃል።»

«ደግ» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ከጋቢያቸው ሥር ሸጎጡት።

መንገዳችን እስከ መንደሩ አንድ ስለነበር ጠመንጃችንን አንግተን አብረን ተጓዝን። መንደሩ ሲቃረብ የወሰኑ ክርክር ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቀኑን ነገርኳቸው።

«እዚያ ግን አልምርህም» አሉ።

«እኔም አልተውልዎትም» አልኳቸው።

በቀጠሮው ቀን ሁለታችንም በሰዓቱ ቀረብን።