የጋሽ ላሚሶ ኤስፐራንቶ

ልጅ ሳለሁ መብራት የሚጠፋበትን ምሽት እናፍቅ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ጋሽ ላሚሶ ተረት ይነግሩን ነበርና። ሀዋሳ ከሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል ብዙም በማይርቀው የኪራይ ግቢያችን ውስጥ ከእኛ ቤት ቀጥሎ ባለችው አንዲት ክፍል ለብቻቸው ይኖሩ ነበር፤ ሥራቸው በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስትነት ነው። ኩራዛቸውን ለኩሰው በረንዳው ላይ ያኖሩና ከሰል አቀጣጥለው በቆሎ ይጠብሱልናል፤ እኛ የሲዳማ፣ የወላይታ፣ የጉራጌና የአማራ ልጆች ደግሞ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው የዓሣ ሽታ ከበቆሎው ጋር እየተቀላቀለብን፣ ፍሙን ከበን እንቀመጣለን።

ያኔ ጋሽ ላሚሶ ኤስፐራንቶ የሚባል፣ የማንም አገር ያልሆነ፣ ሰው ሁሉ እኩል ተምሮ እንዲግባባበት የተሠራ ቋንቋ ከመጽሐፍ ተምረው፣ በዓይናቸው አይተውት ከማያውቁት የሃንጋሪ ሰው ጋር ይጻጻፉ ነበር። እርሳቸው የጅብና የጦጣ ተረታችንን ይልኩለታል፤ እሱ ደግሞ በረዶ ውስጥ መንገድ ስለጠፋበት ፖስተኛና ጫማ ስለሚሰፋ ድብ ይጽፍላቸዋል። መጀመሪያ በዚያ ቋንቋ ትንሽ ያነቡልናል፣ ቀጥለው በአማርኛ ይነግሩናል። ሌሎቹ ልጆች ይስቁ ነበር። እኔ ግን ቃላቱን ስለቃቅም ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምሩኝ ጀመር። «አንድ ቀን እዚሁ ሀዋሳ ክበብ እናቋቁማለን» ይሉኝ ነበር።

አደግሁና መሃል ከተማ አንድ ቢሮ ተቀጠርኩ። እርሳቸው አረጁ፣ ዓይናቸው ጠፋ፣ የሃንጋሪው ሰው ደብዳቤም ቀረ። ባለፈው ዓመት «ክበቡን ሳላይ ልሞት ነው» አሉኝ። በሰፈሩ የወጣቶች ማዕከል አንድ ክፍል ለምኜ በቴሌግራም ማስታወቂያ አወጣሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰው መጣ፣ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች።

«ስኮላርሺፕ አለው?» አለ አንዱ።

እንደሌለው ስነግራቸው ስልካቸውን መነካካት ጀመሩ። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ብቻ መጡ። ከእነሱ አንዷ ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ ስትሰናበተኝ፣ «እህቴ፣ እኔ ቤቴ በሲዳምኛ፣ ሥራዬ በአማርኛ፣ የልጆቼ ደብተር በእንግሊዝኛ ነው። ይሄኛውን ከማን ጋር ላወራበት ነው?» አለችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ማንም አልመጣም።

ለጋሽ ላሚሶ ግን ዋሸሁ። «ስንት ሆናችሁ?» ሲሉኝ «አሥራ አራት» አልኳቸው። አለቀሱ። ከዚያ «ውሰጂኝና ሰላም ልበላቸው» አሉ። ሰበብ እየፈጠርኩ አንድ ወር አቆየኋቸው። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ቁጭ ብለው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸውና በባጃጅ ይዣቸው ሄድኩ።

ክፍሉ በር ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ሳሉቶን!» አሉ፤ ሰላምታ ነው። የሚመልስ የለም።

«ገና አልመጡም?»

«ጋሼ፣ የሚመጣ የለም። ሁለት ሳምንት ብቻ መጥተው ቀሩ። ይቅር ይበሉኝ።»

አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በእጃቸው ዳብሰው ወንበር አገኙና፣ «እንግዲያው አንቺም ተቀመጪ» ብለው በኤስፐራንቶ ተረት ጀመሩ። ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ራሳቸው የፈጠሩት ይመስለኛል። ጀልባ ስለሚሠራ ሰው ነበር። እኔ ለጀማሪ ማስተማር የሚበቃ ያህል እንጂ ቋንቋው ብዙ አልቀረኝም፤ ከተውኩት ዓመታት አልፈዋልና መሃሉ ላይ ጠፋብኝ። እርሳቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ እስከ መጨረሻው ተረኩት።

«ገባሽ?» አሉኝ።

«ገባኝ፣ ጋሼ» አልኩ።

ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ፓስተሩ በአማርኛ ጸለየ፣ ዘመዶቻቸው በሲዳምኛ ዘመሩ፤ በኤስፐራንቶ አንዲት ቃል የተናገረላቸው የለም፣ እኔም አፌን አልከፈትኩም። ከዚያ ወዲህ ክበብ ብዬ ሰው ጠርቼ አላውቅም። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በስልኬ ብፈልግ ይገኝ ይሆናል፤ ያን ተረት የሚያውቅ ግን ከእንግዲህ የትም የለም። ጀልባ ሠሪው ምን ላይ እንደደረሰ፣ ይሙት ይዳን አላውቅም። «አልገባኝም» ብላቸው ኖሮ በአማርኛ ይደግሙልኝ ነበር።