ባሕር ማዶ ከእትዬ ጋር

የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «ጥርስ ሠሪው» ይለው ነበር። ሥራው ከጥርስ ክሊኒኩ ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከፊት ሐኪሟ የታካሚውን አፍ ልክ ትወስዳለች፤ ልኩ በትሪ ወደ ኋላ ይመጣል፤ እሱ ጀሶ ያፈስበታል፣ በሰም ይቀርጻል፣ ይሞርዳል፣ ያለሰልሳል። ጥርሱ የሚገባለትን ሰው አያየውም። በእሱ ጥርስ የሚስቁ ሰዎች መንገድ ላይ ሳያውቁት ያልፉታል። ራሱ ሳቅ ስለማያበዛ ጎረቤቶቹ «የሰው ይሠራል እንጂ የራሱንስ አያሳይም» እያሉ ይቀልዱበታል።

ሚስት አላገባም። የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እሷ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች፤ በወጣትነቷ ባሏ ሲሞትባት ወደ እናቷ ቤት ተመልሳ በዚያው ቀረች። ታናሿ ሆኖ ሳለ «ጋሼ» ትለዋለች፤ በልጅነቱ እንደ ሽማግሌ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ስለሚሄድ ያወጣችለት ስም ነው። እሱ ደግሞ «እትዬ» ይላታል።

ሁለቱም ባሕር አይተው አያውቁም። አንድ ቀን ባሕር ማዶ አብረን እንሄዳለን ተባብለው የተማማሉት ገና ጎልማሶች ሳሉ ነበር። ከዚያ እናታቸው አልጋ ያዙ። ቀን እህቱ፣ ማታ እሱ እየተፈራረቁ አስታመሙ። ያወጡት ፓስፖርት አንድም ማህተም ሳያርፍበት ጊዜው አለፈ። እናታቸው ካረፉ በኋላ ደግሞ የቤቱ ጣሪያ እድሳት መጣ፤ ቀጥሎ የእህቱ የጉልበት ሕመም። እሷ ቀድማ ጡረታ ስትወጣ፣ ያንተ ይድረስና የሁለታችንንም አንድ ላይ ባሕር ማዶ ሄደን እናከብራለን አለችው። ደረሰ። በክሊኒኩ ሽኝት ሐኪሟ አመስግናው፣ እሱ መልስ ሊሰጥ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ታካሚ ተጠራና ሁሉም ተበተኑ። ግድ አልሰጠውም። ልቡ ከጉዞው ላይ ነበር።

እንደ ፈተና ተማሪ ተዘጋጀ። የሚሄዱበትን አገር ሰላምታ ከስልኩ እየሰማ አጠና። ከሁሉ አስበልጦ ያዘጋጀው ግን ለእህቱ የሚነግራትን ነገር ነው። ከእንግዲህ ቤት ስለሚውል ምሳውን እሱ ሊሠራ፣ ዕቃ የታጨቀባትን የቤታቸውን የጓሮ ክፍል አጽድቶ መስኮት ሊያወጣላት፣ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለው የሚያወሩባት ሊያደርጋት አስቧል። ይህን ባሕሩን እያዩ ሊነግራት በልቡ ይዞ ሄደ።

የሆቴሉ ክፍል ሁለት አልጋና ወደ ባሕሩ የዞረ ሰገነት ነበረው። ሰገነቱ ላይ ቆመው ሲያዩ እህቱ፣ ይህን ሁሉ ውሃ ማን ሞላው ብላ ጠየቀችው። ሳቀ። ያን ቀን ጥርስ ሠሪው ሳቁን አልቆጠበም። በባሕሩ ዳር ክንዱን ይዛው ሄዱ። ያጠናትን ሰላምታ ለጋዜጣ ሻጩ ሲሞክር ሻጩ ግራ ገብቶት ጋዜጣ ሰጠው፤ እህቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ማንበብ የማይችለውን ጋዜጣ ቀኑን ሙሉ በብብቱ ይዞ ዋለ።

በማግስቱ ወደ አንዲት ደሴት በምትወስድ ጀልባ ተሳፈሩ። ከነፋሱ ተከልለው ተቀመጡ። እሱ ስለ ጓሮዋ ክፍል ሊጀምር አፉን ሲከፍት እሷ ቀደመችው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር አለ። እዚህ ልነግርህ ብዬ ነው የቆየሁት።»

ነገረችው። አብሯት ይሠራ የነበረ አንድ የሒሳብ መምህር፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ እንጋባ ብሏታል፤ እሷም እሺ ብላለች። ቤቱ በከተማው ሌላ ጫፍ ስለሆነ ወደዚያ ትገባለች። በዚህ ዕድሜ ሰው ምን ይለኛል ብላ ብዙ እንዳመነታች፣ ከሰው ሁሉ የፈራችው ግን ወንድሟን እንደሆነ አልደበቀችውም።

«ታውቀዋለህ እኮ» አለች። «ወድቆ የፊት ጥርሶቹ የተሰበሩበት፣ አደራ ብዬ ወዳንተ የላክሁት ነው።»

አስታወሰ። ፊቱን አይቶት አያውቅም፤ የአፉን ልክ ግን ያውቀዋል። የግራ ክራንቻው ትንሽ ዞር ያለ ነበር። የእትዬ አደራ ነው ብሎ፣ አዲሶቹ ከነባሮቹ ጋር በቀለም እስኪመሳሰሉ ድረስ ደጋግሞ እያፈረሰ ነበር የሠራለት። ሰውየው ለእህቱ ሲስቅላት የከረመው በእነዚያ ጥርሶች ነው።

«እንኳን ደስ አለሽ» አላት። ፈገግም አለ። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ልብ ሲያዝን እሱ ይስቃል። ስለ ክፍሏ አላነሳም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሁለቱም ከመጠን ያለፈ ጨዋ ሆኑ። ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ወንበር ሲሻሙ የኖሩ ሰዎች «ቅደም»፣ «ኧረ አንቺ ቅደሚ» መባባል ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ሲጠራ ወደ ሰገነቱ ትወጣና በሩን ገርበብ ታደርገዋለች። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሳቋን ይሰማል። እንዲህ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም። በደስታዋ ሊደሰት ፈለገ፤ አልሆነለትም።

በመጨረሻው ቀን ራሴን አሞኛል ብሎ እሷን ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር ወደ ገበያ ሸኛትና ብቻውን ወደቡ ዳር ወረደ። አንድ ሽማግሌ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የዓሣ መረብ ይጠግናል። አጠገቡ ተቀመጠ። ሽማግሌው በአገሩ ቋንቋ የሆነ ነገር አለው፤ እሱም በራሱ ቋንቋ መለሰለት። አንዴ ከጀመረ ማቆም አልቻለም። ብቻውን ኖሮ እንደማያውቅ፣ ከሥራ ሲመለስ «መጣህ?» የሚለው ድምፅ ከሌለ በሩን መክፈት እንደሚያስፈራው፣ ይህንንም ለሰው ተናግሮት እንደማያውቅ ነገረው። ሽማግሌው አንዲት ቃል ሳይገባው ራሱን እየነቀነቀ እስኪጨርስ ጠበቀና የመረቡን ጫፍ አስያዘው። ጥገናው እስኪያልቅ ወጥሮ ያዘለት።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ጥሪ ሲጠባበቁ፣ እህቱ ቦርሳዋን እንዳቀፈች ዞር አለች።

«ተቀየምከኝ እንዴ ጋሼ?»

«አልተቀየምኩሽም። ፈራሁ እንጂ።»

እጁን ያዘችው። እሷም እንደፈራች፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር እንደረሳችው ነገረችው።

«ከእኔ ጋር አይደል የኖርሽው?» አላት።

«አንተማ ሰው አይደለህም» አለች። «ራሴ ነህ።»

ሁለቱም ሳቁ። የእሱ ሳቅ ግን ወደ እንባ ዞረበትና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ከተመለሱ ብዙም ሳይቆይ እሷና መምህሩ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተፈራረሙ። በምስክርነት የፈረመው እሱ ነው። መምህሩ ደግ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ እትዬን ለመጥራት እንኳ ድምፁን ከፍ አያደርግም። እሑድ እሑድ ሁለቱም ጥርስ ሠሪው ቤት መጥተው ምሳ ይበላሉ። ሰኞ ቤቱ ጭር ይላል። ጎረቤቶቹ፣ እህትህን ዳርክ፣ አሁን ተራው ያንተ ነው እያሉ ያሾፉበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል።

አንድ ሰሞን አልጋውን ከጓዳ አውጥቶ መንገድ ዳር ወዳለው ክፍል አዛወረው። ጧት ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎች በመስኮቱ ሥር እያወሩ ያልፋሉ። ስለ አለቃ፣ ስለ ልጅ ትምህርት፣ ስለ ወገብ ሕመም ያወራሉ። ሁሉም አልፈው እስኪያልቁ አይነሳም፤ ተኝቶ ያዳምጣቸዋል።