ቡፌ ውስጥ የኖረው ጆይስቲክ

«አሁንም ጆይስቲክ? እኩዮችሽ ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ አንቺ ገና ጌም ላይ ነሽ?»

ይህን ያለኝ ኤርሚያስ ነው። ሆሳዕና መናኸሪያው አካባቢ በከፈተው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ፣ ሁለት ደንበኞች ቆመው እየሰሙ፣ ፊት ለፊቴ። እኔ ከሆመቾ የመጣሁት ለራሴ ጆይስቲክ ልገዛ ነበር። ሆመቾ ላይ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የምሠራባት አንዲት ክፍል አለችኝ። ሥራ ሲቀዘቅዝ በዚያው ኮምፒውተር ኳስ እጫወታለሁ፤ ማንንም አላስፈቅድም። የድሮው ጆይስቲኬ ስለሞተብኝ ሌላ ፈለግሁ፣ ብዙ ዓይነት ያለው ኤርሚያስ ጋ ነው አሉኝ፣ መጣሁ። ስድብ ልሸምት አልመጣሁም።

ከወንበሩ ሳይነሳ አንዱን ካርቶን ወደ እኔ ገፋው።

«ይሄን ውሰጂ፣ ምርጥ ነው። ስትነኪው ቀይና ሰማያዊ ያበራል።»

ያበራል! ዘጠኝ ዓመት አልፎ ሰውየው ዛሬም ጆይስቲክ የሚመርጠው በመብራቱ ነው። አንዳንድ ሰው ዕድሜ ይጨምራል እንጂ ሌላ ምንም አይጨምርም።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ክረምት ነው፣ ትምህርት ተዘግቷል፣ ሆሳዕና ከጠዋት እስከ ማታ ጭቃ ታቦካለች። ባጃጆች ተራ ከሚጠብቁበት ቦታ ጀርባ የሸምሱ ጌም ቤት ነበረች። ቤት ማለቴ ለክብሯ ነው። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ የተመታች፣ ዝናብ ሲጥል ጎንህ የተቀመጠው ሰው ቢጮህ እንኳ የማትሰማባት ክፍል ነበረች። ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር፣ አራት ጆይስቲክ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ። ሽታዋ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፦ የረጠበ ካልሲ፣ የባጃጅ ጭስ፣ ልጆቹ በኪሳቸው ይዘው የሚገቡት ቆሎ።

የእኛ አጥርና የሸምሱ ቆርቆሮ ይነካካሉ። ሸምሱ ዓርብ ዓርብ መስጊድ ሲሄድ ቤቱን የሚተውለት ሰው አጣ። ከውስጥ ያሉት ልጆች ሲመለስ ማውዝ የሚያሳጡት ዓይነት ናቸው። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣

«አስቴር፣ አደራ፣ እስክመለስ ተቀመጪልኝ። አንቺ የጴንጤ ልጅ ነሽ፣ አትሰርቂም» አለኝ።

የጴንጤ ልጅ እንደማይሰርቅ ማን እንደነገረው አላውቅም፤ የእኛን መዘምራን ስለማያውቃቸው ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ ጌም ቤት በእሱ ዓይን ከመጠጥ ቤት በምንም አይሻልም። እናቴ ግን «የጎረቤት አደራ ነው፣ ዝም በል» ብላ አፉን ዘጋችልኝ። እንዲህ ሆኜ ዓርብ ዓርብ ጌም ቤት ጠባቂ ሆንኩ።

ቁጭ ብሎ ሰው ማየት የሚችል እግርና እጅ አልተሰጠኝም። መጀመሪያ ጆይስቲኮቹን መፍታት ጀመርኩ። በጥርስ ብሩሽ ጠረግሁ፣ የላላውን ብሎን አጠበቅሁ። አናሎጉ፣ ማለትም አውራ ጣት የሚያርፍባት እንደ እንጉዳይ የቆመችው ነገር፣ ላስቲኳ ተበልቶ ስታበቃ ከብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጬ አለበስኳት። አንደኛዋን ጆይስቲክ ሦስት ጊዜ ስላለበስኳት ልጆቹ «አሮጊቷ» ብለው ሰየሟት። መልኳ ያስጠላል። ግን እንደ እሷ የታዘዘችውን ብቻ የምታደርግ አልነበረችም።

ጆይስቲክ መምረጥ እዚያ ነው የተማርኩት። ሰው ሁሉ ጆይስቲክ ሲሰጡት ወዲያው ይይዘውና መጫወት ይጀምራል፤ እጁ ስለሚያርመው ችግሩን አያይም። እኔ አናሎጉን እስከ ጥግ ገፍቼ በድንገት እለቀዋለሁ። ከዚያ እጄን አነሳና ዝም ብዬ ስክሪኑን አያለሁ። ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ብቻውን መሄድ ከጀመረ ያ ጆይስቲክ ታማሚ ነው። ነገሩ ይኸው ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። የሸምሱ ደንበኞች የሌላቸውም እሱ ነበር።

ከዚያ መጫወት መጣ። በሐምሌ ተሸነፍኩ፣ በነሐሴ እኩል ሆንኩ፣ ጳጉሜን ላይ የሚያሸንፈኝ ጠፋ።

መስከረም እንደገባ የዱራሜ ልጆች በአንድ የሚኒባስ ረዳት በኩል መልእክት ላኩ። በመስቀል ሳምንት ኑ፣ ሁለት ሁለት ተጫዋች፣ ሁሉም የየራሱን ጆይስቲክ ይዞ። የራሱን የተባለው፣ በቀደመው ዓመት ‹ለእንግዳ ሽባ ጆይስቲክ ሰጣችሁ› ተባብለው ሊደባደቡ ስለነበር ነው። ሸምሱ ሁሉም ባለበት ቆሞ ተናገረ፦ «እርስ በርስ ተጋጠሙ። አንደኛና ሁለተኛ የወጣ ዱራሜ ይሄዳል። ማንም ይሁን።»

አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ የዛሬው ባለሱቅ ኤርሚያስ፣ ሦስተኛ ማቲ የሚባል ዝምተኛ ልጅ።

መጀመሪያ ኤርሚያስ አፉን ከፈተ።

«ዱራሜዎች ‹ሆሳዕና ወንድ አለቀ ወይ?› ቢሉን ምን እንመልሳለን?»

«‹አዎ› በሏቸው» አልኩት።

ሸምሱ ጭንቅላቱን አከከ፣ ወደ በሩ አየ፣ ወደ እኔ አየ። «አስቴር፣ አንቺ እጅሽ አዋቂ ነው። ለምን ጆይስቲክ መራጭ ሆነሽ አትሄጂም? እነ ኤርሚያስና ማቲ ይጫወቱ፣ አንቺ ትመርጪላቸዋለሽ።» ‹ማንም ይሁን› ያለው አንደበት ገና አልደረቀም ነበር። እኔም እምቢ ማለት ሲገባኝ እሺ አልኩ። አክስቴ ዱራሜ ስለምትኖር እሷ ጋ የምሄድ መስሏቸው ቤት ማንም አልጠየቀኝም። እውነቱን ለመናገር፣ እዚያ ስንደርስ የተጫዋቹ ወንበር በሆነ ተአምር ይደርሰኛል ብዬ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት የሞኝ ዕድሜ ነው።

ልንሄድ ስንል ኤርሚያስ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ታላቅ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ በእኛ አገር ወንድም ደቡብ አፍሪካ ያለው ቤት በሩ ብረት፣ ቡፌው ባለመስታወት ነው። ወንድሙ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ባለመብራት ጆይስቲክ ልኮ ነበር። ቤታቸው ኮምፒውተር የለም። እናቱ ጆይስቲኩን ባለአበባ ብርጭቆዎቹ መካከል ቡፌ ውስጥ አስቀመጡት፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጄ የላከው» እያሉ ያሳያሉ። ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ በመስታወት ውስጥ ተቀቀለ።

እናትየዋ ሊሸኙን ቤታቸው ጠርተው አተካና አበሉን። ቡላው በቅቤና በወተት ተነክሮ፣ ከማንኪያው ላይ ሳይወድቅ የሚንቀጠቀጥ፣ ይኸውና አሁን ስጽፍ እንኳ ምራቄ መጣ። ለምግባቸው ምንም ክፉ ቃል የለኝም። ከበላን በኋላ ቡፌውን ከፍተው ጆይስቲኩን አወጡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩበት፣ ለኤርሚያስ ሰጡት።

ሸምሱ ጋ ወስጄ ሰካሁት። መብራቱስ በራ። ላዩ ግን እንደ ማስቲካ ጣት ይይዛል። አናሎጉን ገፍቼ ለቀቅሁት፣ መንገድ ላይ ተጣብቆ ቀረ። እጄን አነሳሁ፤ ተጫዋቹ ማንም ሳይነካው ወደ ማዕዘኑ ገሰገሰ።

«ይሄ አይሆንም» አልኩ። «አሮጊቷን ያዝ።»

ኤርሚያስ ዓይኑ ቀላ። «ወንድሜ በሰው አገር ሱቅ ውስጥ እየተዘረፈ የላከውን ነው አንቺ አይሆንም የምትዪው? እናቴ የጸለየችበትን?»

«ወንድምህን አላልኩም። ጆይስቲኩን ነው።»

ስደተኛ የላከውን ዕቃ ‹ተበላሽቷል› ማለት እኛ ጋ ስደተኛውን መርገም ነው። ልብሱ ቢጠብ ይለበሳል፣ ጫማው ቢሰፋ በጨርቅ ተሞልቶ ይደረጋል። ማቲ ጫማውን አየ። መራጭ ያደረገኝ ሸምሱ ጣራውን አየ። ጸሎት ብዙ ነገር እንደሚያደርግ አልክድም፤ የተጣበቀ ላስቲክ ሲያላቅቅ ግን አላየሁም። አሮጊቷን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ሸምሱም አብሮን፣ በአንጋጫ በኩል ሄድን። መስኮቱ የማይከፈት ሚኒባስ፣ ከግራም ከቀኝም እንሰት፣ ጭጋጉ ከመንገዱ ጋር አብሮ የሚታጠፍ። አንጋጫ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዛን። ኤርሚያስ ጆይስቲኩን በእናቱ ነጠላ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል፣ ሕፃን ይመስል። ለማንም ከበቆሎው ፍሬ አላካፈለም።

የዱራሜ ጌም ቤት ከእኛዋ ትሻላለች፤ መስኮት አላት። መጀመሪያ ማቲ ተጫወተና አሸነፈ። በማን ጆይስቲክ? እኔ ከሸምሱ አራት ጆይስቲኮች መካከል መርጬ በሰጠሁት። ውጤቱ በጎል ድምር ስለሆነ ሁሉም ነገር በኤርሚያስ ጨዋታ ላይ ቀረ። ነጠላውን ፈታ፣ መብራቱ በራ፣ ዱራሜዎች «ወይኔ!» አሉ። ለሦስት ደቂቃ ያህል ኤርሚያስ ንጉሥ ነበር።

ከዚያ ተከላካዩ በገዛ ፈቃዱ ወደ ውጭ መሄድ ጀመረ። ኤርሚያስ ወደ ቀኝ ይጎትታል፣ ልጁ ወደ ግራ ይሄዳል። በረኛው ጎሉን ትቶ ለሽርሽር ወጣ። ዱራሜዎች አግዳሚውን እየደበደቡ ሳቁ። «ያንተ ልጅ ሆሳዕና ሊመለስ ነው፣ ትኬት ቁረጥለት!» አለው ባላጋራው። ዕረፍት ሲሆን ሁለት ለባዶ ተመርቷል።

ዞር ብሎ እጁን ዘረጋ። «አሮጊቷን አምጪ።»

«ወንበሩን ልቀቅ» አልኩት። «አሮጊቷና እኔ አብረን ነን።»

«አስቴር፣ ቀልድ አይደለም!»

«እኔም አልቀለድኩም። አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ተነሣ።»

ሸምሱ ክንዴን ያዘ። «እባክሽ፣ ለሆሳዕና ስትዪ!»

«ሆሳዕና ለእኔ ስትል ምን አደረገች?»

ኤርሚያስ ወንበሩን አየ፣ ዱራሜዎቹን አየ፣ ቦርሳዬን አየ። መነሣት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ተመልሶ ዞረና ያን ማስቲካ ጨበጠ። አምስት ለባዶ።

ብሰጠው ያሸንፍ ነበር? ምናልባት። ክፉ ነበርኩ? ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ አልከራከርም። ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር ግን ልናገር። ቢነሣ ኖሮ አሸንፍ እንደነበር እኔም አላውቅም። ግን መቀመጥ ፈልጌ ነበር። አንድ ጊዜ፣ ሰው እያየ።

በመልሱ ጉዞ ያስሸነፍኩት እኔ ሆንኩ። የተጣበቀው ላስቲክ አይደለም፣ ጸሎት የተደረገበት ዕቃ እንዴት ይሆናል! እኔ ነኝ። የሚቀጥለው ዓርብ ሸምሱ አልጠራኝም፤ ቤቱን ለማቲ ትቶ ሄደ። አሮጊቷን በአጥሩ ላይ አቀበልኩት። ተቀበለኝ፣ ዓይኔን ግን አላየም። ጆይስቲኩ ወደ ቡፌው ተመለሰ፤ እናትየዋ ለእንግዳ «ዱራሜ ድረስ ሄዶ የመጣ» እያሉ እንደሚያሳዩት ሰማሁ።

እና አሁን እዚህ ቆሜያለሁ፣ ኤርሚያስ ሱቅ፣ ባንኮኒው ላይ እሱ የገፋልኝ ባለመብራት ካርቶን አለ። አልነካሁትም።

«ያ የቡፌ ነው» አልኩት። «ከታች ያሉትን አውጣ።»

እያጉረመረመ አምስት አወጣ። ባንኮኒው ላይ ያለውን ጌም የተጫነበት ኮምፒውተር ወደ እኔ አዞርኩና አንድ በአንድ ሰካሁ። ገፋሁ፣ ለቀቅሁ፣ እጄን አነሣሁ፣ ጠበቅሁ። አራቱ ብቻቸውን ሄዱ። አምስተኛው፣ ካርቶኑ የተቀደደው፣ ፀጥ ብሎ ቆመ። ሁለቱ ደንበኞች ተጠግተው ያያሉ። ከፍዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ኤርሚያስ አገጩን አሸ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚ እስቲ። ለልጄ ሦስት ሰጥቼው ሦስቱም ብቻቸውን ይሄዳሉ፣ ሌት ተቀን ያለቅስብኛል። ጓዳ ሌላ ጭነት አለ። አንድ ደህና ምረጪልኝ፣ አንቺ እጅሽ አዋቂ ነው።»

«እሺ» አልኩት። «ጊዜ ይወስዳል፣ ተቀምጬ ነው የማየው። ወንበሩን ልቀቅልኝ።»

ሳቀ። ወደ ሁለቱ ደንበኞች አየ፣ ደግሞ ሳቀ። ወንበሩን ግን ጠጋ አድርጎ ተደላደለበት።

የቦርሳዬን ዚፕ ዘግቼ ወጣሁ፣ የሆመቾ መኪና ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል።