በሩፋኤል ዝናብ የታጠበ ሞተር

አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ የመልካሙን መኪና ከሩቅ በድምፅዋ የማይለይ ሰው ጥቂት ነው። ነጭ ዲኤክስ ናት። በሯ ካልተደገመ አይዘጋም፣ የኋላ መስኮቷ በገመድ ነው የተያዘው። ሞተሯ ግን ደህና ቀን ከዋለ እንደ መሪጌታ ጉሮሮ ነው፤ ሳይንቀጠቀጥ ይስባል፣ ሳይቆረጥ ይመልሳል።

መልካሙ ራሱ የዜማ ቤት ልጅ ነበር። ስማዳ ውስጥ ከአንድ ደብር ደጅ አምስት ክረምት ድጓ ተምሮ፣ አባቱ ሲሞቱ እናቱን ሊረዳ ወጣ። መጀመሪያ የመኪና ረዳት ሆነ፣ ኋላ ሹፌር። ከዜማ ቤት ይዞት የወጣው ጆሮውን ነው። ሞተር ሲሰማ ዓይኑን ይጨፍናል፤ አንዲት ድምፅ ከቦታዋ ፈቀቅ ካለች ግንባሩ ይቋጠራል። ንፋስ መውጫ ከተማ ያለው መካኒኩ ጥጋቡ ይህን ስለሚያውቅ ስሙን ትቶ «የኔታ» እያለ ነው የሚጠራው።

ጆሮውን የሳለው ግን ዜማ ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሚስቱ አዜብ የመጀመሪያ ልጃቸውን ስታምጥ የሰው መኪና ለምኖ ነበር። ባለመኪናው አልጨከነም፣ መጣ። መኪናው ግን ከዳገቱ ወገብ ላይ አንድ ጊዜ አጓርቶ ቆመ። ሌላ እስኪገኝ ፀሐይዋ ከአናት ወደ ትከሻ ወረደች። አዜብን ቀደው አተረፏት፤ ልጁን አላተረፉትም። ከዚያ ወዲህ መልካሙ ሁለት በሬዎቹን ሸጦ ይህችን ዲኤክስ ገዛ። ሰው ለእንጀራው የገዛት ይመስለዋል። እሱ የገዛት ለአንድ መንገድ ነው፤ ተሳፋሪ የሚያመላልስባት ያ ቀን እስኪመጣ ነው።

ቀኑም ቀርቦ ነበር። አዜብ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሆዷ አንድ ጊዜ ስለተቀደደ ምጥ እንደጀመራት ሰዓት ሳይባክን ቀዶ ጥገና ወዳለበት ወደ ንፋስ መውጫ እንድትወጣ አስጠንቅቃታለች። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ታዲያ መኪናዋ ካደረችበት ሥር ጥቁር የዘይት ጠብታ ይታይ ጀመር። ጠዋት ጠዋት መልካሙ ፊቱን ሳይታጠብ ተንበርክኮ ጠብታዎቹን ያያል። አንድ ቀን ሦስት፣ አንድ ቀን ሰባት። ለጥጋቡ ደውሎ ሲጠይቀው፣ ሞተሩ እንዲህ ጭቃና ቅባት ለብሶ ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ መልአክም አያይም አለው። መጀመሪያ ይታጠብ፣ ከዚያ እርጥብ የሆነው ቦታ ራሱን ይናገራል። ሲያጥብም ዲስትሪቢዩተሯን በፌስታል ጥብቅ አድርጎ እንዲያስር ደጋግሞ ነገረው። ዲስትሪቢዩተር እሳቱን ነዳጁን ለሚያቀጣጥሉት አራት ካንዴላዎች የምታከፋፍል፣ ቡጢ የምታክል ዕቃ ናት፤ እርጥበት ከገባባት ሞተር አይነሳም።

ጳጉሜን ሦስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ መልካሙ ግቢው ውስጥ ኮፈኑን ከፈተ። የባትሪውን ገመድ ነቀለ፣ የዲስትሪቢዩተሯን ክዳን ቅባት በደረቅ ጨርቅ ጠረገ፣ እሷን፣ ካርቡሬተሩንና ዲናሞውን በፌስታል አሰረ። ናፍጣ በቆርቆሮ ቀድቶ በአሮጌ ብሩሽ ማሸት ጀመረ። ጥቁሩ ቅባት እንደ ቅርፊት እየተላጠ ሲወርድ ከሥሩ ብረቱ ብቅ ይላል። በሳሙና ደገመው፣ በጆግ ውኃ ቀስ እያለ አጠበው፣ በጨርቅ አደረቀው። አልበቃውም። የአዜብን ቫዝሊን አምጥቶ የጎማ ቱቦዎቹን አንድ ባንድ ይቀባቸው ጀመር። ቱቦዎቹ እንደ ታረሰ እርጥብ መሬት አበሩ።

አዜብ ከበሩ ላይ በርጩማ አድርጋ ተቀምጣ ታየዋለች። ለሠርጓ ቀን እንኳ እንዲህ እንዳልተቀባች ነገረችው። እሱም ቀና ሳይል፣ እሷ ያልተቀባችው ስላልጎደላት ነው፣ ይህች ግን ዳገት አለባት አላት። ከዚያም ለመኪናዋ ይሁን ለሚስቱ በማይለይ ድምፅ ያንጎራጉር ጀመር፦

ዳገቱን ስትወጪ አትድከሚ አደራ፣
ሁለት ነፍስ ይዘሻል፣ አንዱ ያልተጠራ።

ረፋዱ ላይ እናቱ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። የሩፋኤል በዓል ነው። በዚያ ቀን ሰማይ ተከፍቶ ይውላል፣ የሚወርደውም ዝናብ ጠበል ነው ይባላል። ሴቱ ቡሖው ውስጥ ጠብታ ያስገባል፣ ልጁ ልብሱን ጥሎ ይወጣበታል። ሩፋኤል ደግሞ ማኅፀን ፈቺ ነው፤ እርጉዝ የሚማፀነው እሱን ነው። እማሆይ ገና ከአጥር ሲገቡ ደመናው በጉና ተራራ በኩል ጠቁሮ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ጣለ። የጎረቤት ልጆች እየተንጫጩ ወጡ፣ አዜብ እጇን ከጣሪያው ክፈፍ አሻግራ ሆዷን አበሰች፣ እማሆይ ቆባቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ሰማይ ሰጡ።

መልካሙ ኮፈኑን ሊዘጋ እጁን አነሣ።

«ለምን ትዘጋባታለህ?» አሉ እማሆይ። «ነገ ሁለት ነፍስ የምትሸከም እሷ አይደለችም? እሷም በረከት ይንካት እንጂ።»

እጁ አየር ላይ ቆመ። ሹፌሩ መልካሙ ዝጋ ይለዋል። የዜማ ቤቱ መልካሙ ደግሞ አትዝጋ ይለዋል። እማሆይን ይግቡ፣ ይበርድዎታል ሊል አስቦ አላለም። ያ የዳገት ወገብ ታወሰው፤ ያኔ ያልለመነው መልአክ አልነበረም፤ ምናልባት ያላደረገው አንድ ነገር ኖሮ ይሆናል። ፈራ። ፍርሃቱ ከዕውቀቱ በለጠ። ኮፈኑን ተወው። ከዚያም ፌስታሎቹን አያቸው። ተሸፍኖ የሚጠመቅ የለም አለ በልቡ፣ ሦስቱንም ፈታቸው።

ዝናቡ በታጠበው ብረት ላይ እየዘለለ ወረደ። መልካሙ ከጎኗ ቆሞ አብሯት ረጠበ። በዚያ ክረምት ልቡ ያልፈራው ያችን ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ሲያባራ ከላይ ከላይ ጠረገው፣ የባትሪውን ገመድ መለሰ፣ ኮፈኑን ዘጋ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አዜብ ከውስጥ ጠራችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ፊቷን ሲያይ ገባው። ቀኑ ገና ሳምንት ይቀረዋል ብለውት ነበር፤ ምጥ ግን ቀን አይጠብቅም።

ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ዞረ፣ ዞረ፣ አልያዘም። ደገመ። ባዶ ይዞራል፣ እሳት የለውም። በሦስተኛው ባትሪው ሲደክም ሰማው፤ ዜማ የጠፋው ተማሪ ድምፁን እንደሚጎትት ጎተተ። እጁን ከቁልፉ ላይ አነሣ። ጤና ጣቢያ ደወለ፤ አምቡላንሱ ጠዋት ሌላ እናት ይዞ ወጥቷል። ዓርብ ቢሆን ገበያው መኪና አያጣም ነበር። ሰኞ ነው፤ የወጣው ማልዶ ወጥቷል።

ለጥጋቡ ደወለ። ዝናብ መታብኝ አለው።

«ፌስታሉስ?»

«ፈታሁት።»

መልካሙ «የኔታ» ብሎ እንዲቀልድበት ተመኘ፤ ጥጋቡ ግን አልቀለደም። የዲስትሪቢዩተሯን ክዳን አውልቆ ውስጧን እንዲያደርቅ፣ በሩቅ እሳት እንዲያሞቃት፣ ገመዶቹን ከመንቀሉ በፊት ግን አንድ ባንድ ምልክት እንዲያደርግባቸው እየነገረው ሳለ ስልኩ ተቋረጠ። መልሶ ቢደውል የለም። መልካሙ ግን ገና «አውልቅ» ሲባል ነበር እጁ የቸኮለው፤ ከክዳኗ የሚወጡት አራቱ የካንዴላ ገመዶች ምልክት ሳይኖራቸው መዳፉ ላይ ተንጠልጥለዋል። የአንዱ ቦታ ለሌላው ከተሰጠ ሞተሩ ይተኩሳል እንጂ አይነሳም።

የክዳኗ ውስጥ እንደ ጠዋት ቅጠል ጤዛ ይዟል። እማሆይ ከሣጥናቸው ደረቅ ነጠላ አምጥተው ቀደዱለት። እየጠረገ፣ ከከሰሉ ምድጃ በላይ ከፍ አድርጎ ያሞቃታል፤ እንዳትቀልጥ ይፈራል፣ እንዳትዘገይ ይፈራል። ከጓዳ የአዜብ ማቃሰት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሲመጣም እየቀረበ ነው።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ?» አሉ እማሆይ በቀስታ።

«አይደሉም እማሆይ። የፈታው የኔ እጅ ነው።»

ክዳኗን መለሰ። ገመዶቹን ዘርግቶ አያቸው፤ አራት ጥቁር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ዓይኑን ጨፈነ። ረዳት ሳለ አንድ ሽማግሌ ሹፌር የእሳቱን ተራ ሲነግሩት፣ ያኔ ገና የዜማ ቤት ጠረን ያለው ልጅ ስለነበር በዜማ ነበር የያዘው። አሁን በከንፈሩ ፈለገው፤ አንድ ላይ ዝቅ፣ ሦስት ላይ ከፍ፣ አራት ላይ ሰበር፣ ሁለት ላይ ማረፊያ። አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት። ከየት ይጀምር? ክዳኗ ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታክል «1» ተቀርጻ አገኘ። ጠዋት ቅባቱን ባይጠርገው ኖሮ አትታይም ነበር። እያዜመ ሰካቸው።

ባትሪው አንድ ጊዜ ቢያዞር ነው፤ ሁለተኛ የለውም። እማሆይ አማተቡ። መልካሙ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተጎተተ፣ እንደ ሕመምተኛ አንድ ጊዜ ሳለ፣ ሊሞት ሲል ያዘ።

አዜብ ከኋላ ጋደም አለች፤ እማሆይ ራሷን በጭናቸው ደገፉ። ዳገቱን ሲጀምሩ መኪናዋ ውስጥ ሁለት ድምፅ ነበር፣ የሞተሩና የአዜብ። መልካሙ የቱን እንደሚሰማ ጨነቀው። አዜብን ካዳመጠ መንገዱ ይጠፋዋል፤ ሞተሩን ካዳመጠ ሰው ያልሆነ ይመስለዋል። ያ ቦታ፣ የዳገቱ ወገብ፣ መጣ። የተቃጠለ ዘይት ሸተተው፤ ጠብታዋ የጋለ ብረት አግኝታለች። አልቆመም። እማሆይ የሩፋኤልን ስም ይጠራሉ፣ እሱ አራት ቁጥር ይቆጥራል። አዜብ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች፤ «ደረስን?» አለች። ገና ነበሩ፤ «ደረስን» አላት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሶቹ በአልጋ ተቀበሏት። መልካሙ የመኪናዋን ኮፈን ተደግፎ ቆመ፤ ብረቱ ይፈጃል፣ እጁን አላነሣም። ከአንድ ሰዓት በላይ ሆነ። ከዚያ አንዲት ነርስ ብቅ ብላ የአዜብ ባል ማነው አለች፤ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ተወልዳለች፣ እናትየዋም ደህና ናት፣ ትንሽ ብትዘገዩ ግን ጠባሳው ይከፈት ነበር አለችው። እሱ የሰማው «ትንሽ ብትዘገዩ» የሚለውን ነው።

በማግሥቱ ጥጋቡ መጥቶ ኮፈኑን ከፍቶ አየ። ከሞተሩ የላይኛ ክዳን ሥር፣ ከማሸጊያው ከጓርኒሽኑ፣ አንድ ክር ዘይት በንጹሑ ብረት ላይ ቁልቁል ወርዷል። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው አለ። የዝናቡን ነገር አላነሣም።

መልካሙ አዜብ ወደተኛችበት ክፍል ገባ። እማሆይ ሕፃኗን ታቅፈው ወንበር ላይ አንቀላፍተዋል። አዜብ ነቅታለች። ትናንት መኪናዋ ምን ሆና እንዳልተነሣች ጠየቀችው። አሮጌ ናት ሊላት አስቦ ነበር።

«ፌስታሉን እኔ ነኝ የፈታሁት» አላት። «ዝናቡ ለእሷም እንዲደርሳት ብዬ።»

የሦስት ዓመቱም የትናንቱም ዳገት በአዜብ ዓይን ያለፈ መሰለው። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«እጅህ ናፍጣ ይሸታል» አለችው። «ታጥበህ ና፣ ያዛት።»

ወደ ሆስፒታሉ ግቢ ቧንቧ ሄደ። ሳሙናውን አሸ፣ አጠበ፣ ደገመ። ጥቁሩ ከጥፍሩ ሥር አልወጣ አለ። ከኋላው ጀሪካን የያዙ ሴት ቆመው ሲጠብቁ ሲጠብቁ፣ አንተ ልጅ፣ ቆዳህን ልትገፈው ነው ወይ፣ በቃህ፣ ልቀቅልን አሉት። ቧንቧውን ለቀቀላቸው። እጁን ከነጥቁር ጥፍሩ በሸሚዙ አበሰውና ወደ ውስጥ ገባ።