መሰወር ይሻላል ወይስ ማፍዘዝ?

የያዙኝ ተማሪዎቼ ፊት ነው፤ ጠመኔው ገና ከእጄ አልወረደም ነበር። ደብረ ብርሃን ዳር ወዳለ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን ወደነበረ ቤት ወሰዱኝና በሩን ከኋላዬ ዘጉት። መጀመሪያ የገብስ ገለባና የሰው ላብ ሽታ ተቀበለኝ፤ ቀጥሎ ብርዱ። የደብረ ብርሃን ብርድ ይጋነናል የሚል ሰው ካለ አንድ ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ ይፍረድ።

"ና፣ እዚህ ቦታ አለ" አለኝ ጥምጥም ያደረገ አንድ ሰው። አጠገቡ ያለውን ወፍራም ሰውዬ በክርኑ ነካ አደረገው። "ሐጂ፣ እስቲ ጠጋ በል።"

"ወላሂ መሪጌታ፣ ከዚህ ወዲያ ከተጠጋሁ ግድግዳው ውስጥ ገባሁ እኮ!" አለ ሰውዬው፤ ቢሆንም ተጠጋልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሁለቱ መሐል ተኛሁ።

ሐጂ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ ጨው ደብቀሃል ተብሎ ነው የታሰረው። መሪጌታ ደግሞ ከአንኮበር በታች ባለ አንድ ደብር የዜማ መምህር ነበር። ክሱን ሲነግረኝ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። አንድ የሚፈለግ ወጣት ከመንደሩ ጠፋ፤ ፈልገው ፈልገው ሲያጡት፣ መሪጌታ የመሰወሪያ ክታብ ጽፎለት ነው አሉ። እግዚአብሔር የለም እያሉ የሚያስተምሩት ካድሬዎች ክታብ ግን አለ ብለው አሰሩት። "ዜማ እንጂ ድግምት አላውቅም" እያለ ወራት ሙሉ ተገርፏል።

የእኔ ክስ አያስቅም። በራሪ ወረቀት ጽፈሃል ነው የሚሉኝ። ማስረጃ ግን አልነበራቸውም። ከእኔ ጋር የተያዘ አንድ ባልደረባዬ ኪሱ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ተገኘችበትና ወሰዱት፤ አልተመለሰም። በእጄ የተጻፈች አንዲት መስመር ከተገኘች የእኔም ነገር እዚያው ላይ እንደሚያበቃ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ጨዋታውን የጀመረው ሐጂ ነው፤ መሪጌታን ለመተንኮስ።

"ለመሆኑ ከደብተራ ድግምት ሁሉ እዚህ ቤት የሚጠቅመን የቱ ነው?"

"አላውቅም ብዬ ጀርባዬ አልቆ፣ ደግሞ አንተ ልትመረምረኝ?" አለ መሪጌታ። ይሁን እንጂ ነገሩ ጣመውና ዳኛ ሆነ። እያንዳንዳችን ከሰው አፍ የሰማነውን አንድ አንድ ድግምት እንመርጣለን። መሪጌታ አንድ መከራ ይፈጥርልናል፤ እኛም በመረጥነው ድግምት እንዴት እንደምናመልጥ እንናገራለን። ከዳቦ ልብ ጠፍጥፈን ያደረቅናት ባለ ስድስት ጎን ዳይስ ነበረችን፤ ስንጥላት ጎዶሎ ቁጥር ከወጣ ድግምቱ ከሸፈ ማለት ነው። መሪጌታ ያወጣው ሕግ አንድ ብቻ ነው። "በሩን የሚከፍት ድግምት የለም። እሱ ካለማ ምን ጨዋታ አለ?"

እኔ መሰወርን መረጥኩ።

"እሺ፣ ተሰወርክ" አለ መሪጌታ። "እስረኛ ቆጣሪው መጣ። አንድ ሰው ጎደለ። የሚገረፈው ማነው?"

"ሐጂ" አልኩ።

"ምነው መምህር! ምን በደልኩህ?" አለ ሐጂ። እሱ የያዘው አፍዝ አደንግዝን ነው፤ መርማሪውን አፍዝዞ ሊያመልጥ።

"ፈዘዘልህ" አለው መሪጌታ። "የፈዘዘ ሰው ግን ስንት እንደገረፈህ ይረሳና እንደገና ከአንድ ይጀምራል።"

መስተፋቅርም አልረባም፤ መርማሪው ከወደደህ በየቀኑ ያስጠራሃል። ግርማ ሞገስ ደግሞ የባሰ ነው፤ እዚያ ቤት ዓይን ውስጥ ከመግባት የከፋ ነገር አልነበረም። ሐጂ ከሰው ቤት ቅቤ የሚስበውን የሰላቢ ድግምት ልምረጥ ብሎ ነበር፤ ጥቂት አሰበና "አይ፣ ሐራም ነው" ብሎ ተወው። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት በዚህ ያልፍልን ነበር። አንዳንዴ ስንሳሳቅ ጥበቃው በሩን በሰደፍ ይደበድብብናል።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጥፋት። ስንጨቃጨቅ አንድ ቀን የወሰንነው በማግሥቱ ይረሳል። እኔ ደግሞ መምህር ነኝ፤ ማዕረግ ያልወጣለት ነገር ያሳክከኛል። በለበስኩት ኮት ስፌት ውስጥ የደበቅኳት የእርሳስ ቁራጭ ነበረች። የሲጋራ ካርቶን ቀድጄ ድግምቶቹን በጠቃሚነታቸው ደረጃ በደረጃ ጻፍኳቸው፤ ከእያንዳንዱ ጎን አጭር አስተያየት አከልኩ።

"ተው፣ አትጻፍ" አለኝ መሪጌታ። "እኔ ድጓውን የሚያህል መጽሐፍ በቃሌ ይዣለሁ፤ አንተ አምስት ድግምት መያዝ ያቅትሃል?"

"የእርስዎ የድሮ ትምህርት ነው፣ መሪጌታ" አልኩት። እንዲህ ብዬዋለሁ።

በሳምንቱ መሪጌታ ተጠራና ፊቱ በርቶ ተመለሰ። የአገሩ ሰዎች ዜማ እንጂ ሌላ አያውቅም ብለው ፈርመውለታል። ቅዳሜ ትወጣለህ አሉት። ሐጂ አቅፎት አለቀሰ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ፍተሻ ሆነ። ካርቶኗን ከሦስታችን ሰሌን ሥር አወጧት። ካድሬው ጮክ ብሎ አነበበ። "መሰወር፦ አንድ ሰው ሲጎድል ሌሎቹ ይጠየቃሉ። ማፍዘዝ፦ ጥበቃው ላይ ይሞከር። በሩን የሚከፍት የለም።" ቀና ብሎ አየን። "የማምለጫ ዕቅድ ነው። የማነው ጽሕፈቱ?"

አፌ ተሳሰረ ብዬ መጻፍ እችል ነበር፤ ውሸት ነው። መናገር እችል ነበር። ዝም አልኩ።

መሪጌታ አንድ ጊዜ አየኝ። ከዚያ "የኔ ነው" አለ።

"ምንድነው?"

"ድግምት ነዋ፣ ጌታው። ስምንት ወር ሙሉ ስትጠይቁኝ የከረማችሁት።"

የካድሬውን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም። የማምለጫ ዕቅዱን ወዲያው ረሳው፤ ከስምንት ወር በኋላ ልክ ሆኖ በመገኘቱ ደስ ብሎት ነበር። "የሸሸውም ልጅ ክታብ ያንተ ነበር?"

"እንዳላችሁት ነው።"

"ተነስ!"

"አንዴ ይታገሡኝ" አለ መሪጌታ። ጥምጥሙን ፈታ፤ አራገፈው፤ እንደገና ከመጀመሪያው፣ ለክብረ በዓል እንደሚሄድ ሰው እያስተካከለ ይጠመጥም ጀመር። ጥበቃው ቶሎ በል እያለ ይጮህበታል። እሱ ግን እጥፋቱን በጣቱ እየዳበሰ፣ ሳይቸኩል ጨረሰ። በአጠገቤ ሲያልፍ "በኔ ቦታ ተኛ፤ እዚያ ጋ ብርዱ ይቀንሳል" አለኝ።

ሐጂ ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን "አልፈርድብህም፤ እኔም ዝም ብያለሁ" አለኝ። ያቺን ዳይስ ማን እንደጣላት አላውቅም፤ ዳግመኛ አላየኋትም። በመሪጌታ ቦታ ተኛሁ፤ እውነትም ብርዱ ይቀንስ ነበር።

ከአምስት ወር በኋላ ማስረጃ አልተገኘበትም ብለው ለቀቁኝ። መሪጌታ ሌላ እስር ቤት ተወስዶ ሦስት ዓመት መቆየቱን ከሰው ሰማሁ። በሕይወት መውጣቱን ስሰማ እፎይ አልኩ፤ ሄጄ ግን አልጠየቅሁትም። ደርግ እስኪወድቅ ፈርቼ ነው። ከዚያ በኋላ አፍሬ።

አንኮበር የሄድኩት ባለፈው ዓመት ነው። መሪጌታ ከሞተ ቆይቷል። ሴት ልጁን አገኘኋት፤ የአባቷ የእስር ቤት ጓደኛ ነኝ ስላት እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

"ተፈቶ ሲመጣ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር፣ ጋሼ" አለችኝ። "ድግምት ጽፌያለሁ ብሎ በገዛ አፉ አምኗል ተባለ። የደብሩ ሰዎች ቅኔ ማኅሌት እንዳይቆም ከለከሉት። በዓል ሲሆን ከውጭ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ውስጥ ካሉት ጋር ያዜም ነበር። ግማሾቹ እሱ ያስተማራቸው ናቸው።"

"ወረቀቱ የኔ አይደለም አላለም?"

"ለእኛ ብሏል። የማነው ስንለው ግን አይነግረንም። ደርግ ከወደቀ በኋላ እንኳ፣ አሁንማ ንገራቸው እያልን ስንለምነው፣ 'ባለቤቱ ይመጣል' ይል ነበር።"

ባለቤቱ እኔ ነኝ አልኳት። እጄን ለቀቀችው። ከዚያ "ይህን ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ ንገራቸው" አለችኝ።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ ፊት ቆሜ ተናገርኩ፤ ስለ ጨዋታው፣ ስለ ካርቶኗ፣ ስለ ዝምታዬ። ካህናቱ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ በመቋሚያ የተደገፉ አዛውንት፣ ከመሪጌታ ተማሪዎች አንዱ ኖረዋል፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ "ምነው እሱ በሕይወት እያለ?" አሉኝ።