ድሩ የአባቴ፣ ማጉ የእኔ

ጋቢው ከሣጥን ሲወጣ መጀመሪያ የሚደርሰኝ ሽታው ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ጥጥ ይሸታል፤ ትንሽም የፈረስ ላብ። የፈረሱ ሽታ ከስንት ዓመት እጥበት በኋላ እንዴት እንደቀረ አላውቅም፤ ምናልባት እኔ ነኝ የምጨምርበት። መዳፌን ሳሳልፍበት ይጎረብጠኛል። እዚህ ጋ ወፍራም፣ እዚያ ጋ ቀጭን፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ባቄላ የሚያህል ጓጎላ አለበት። ጓጎላው ሁሉ የእኔ እጅ ሥራ ነው።

ዛሬ ያወጣሁት በልጅ ልጄ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ እናቷ ከባሕር ዳር ይዛት መጣችና፣ "እማዬ፣ ክረምቱን የምትሠራው ነገር ፈልጊላት፤ ስልኳ ላይ ተደፍታ ልታልቅብኝ ነው" ብላኝ ሄደች። ልጅቱ ይኸው በረንዳ ላይ ተቀምጣ የእንጅባራን ዝናብ በስልኳ ትቀርጻለች። እኔ ደግሞ የክረምት ሥራ ሲባል የሚመጣብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስሙ ሲነሣ ዛሬም ፊቴን ይሞቀኛል። ጊዜ ካላችሁ ስሙኝ።

ያኔ የምንኖረው ዳንግላ ነበር፤ ከገበያው ወጣ ብሎ፣ የቀርከሃ አጥር ያለው ቤት ውስጥ። አባቴ ፈረሰኛ ነበር። በእኛ አገር ፈረሰኛ ማለት ፈረስ ያለው ማለት አይደለም፤ ፈረስማ ማን የሌለው አለ? ለጥምቀት ሜዳው ላይ ብቅ ሲል ሰው "እሱ መጣ!" ብሎ መንገድ የሚለቅለት ማለት ነው። የቡላ ፈረሱን ኮቴ ቤት ውስጥ ሆኜ ከሌላው ለይቼ አውቀው ነበር። ጉግስ ሲጋልብ እናቴ እንኳ፣ ሰው ፊት ማመስገን የማትወደው፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ፈገግታዋን ትደብቅ ነበር።

እኔ ተማሪ ነበርኩ። ከሰፈራችን ሴት ልጆች ትምህርት ቤት የምሄደው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ይቻላል፤ የላከኝም አባቴ ነው። እናቴ አልወደደችውም። ጎረቤቶቿ ስለ ሴት ልጆቻቸው ፈትል ሲያወሩ እሷ የምታወራው አልነበራትም። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የደብተር ከረጢቴን ከእጄ ተቀብላ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

"ስሚ" አለችኝ። "ክረምቱን ተጎልተሽ አትከርሚም። አንድ ጋቢ የሚያወጣ ፈትል ትፈትያለሽ፤ ድሩንም ማጉንም። የሱቅ ክር አይገባበትም። ካወጣሽ ለመስከረም ትመለሻለሽ። ካላወጣሽ ትምህርቱ በቃሽ።"

ቀና ብዬ አባቴን አየሁት። ልጓሙን ቅቤ እየቀባ፣ "ይሁን" አለ። ስለ ሴት ልጅ የቤት ሙያ ከእናቴ ጋር ሙግት አይገጥምም ነበር።

ሥራው ለሌላው ሰው ከባድ ሆኖ አይደለም። በእኔ ዕድሜ ያሉ ልጆች ጎረቤት ጣራ ሥር ተሰብስበው፣ ዝናቡ ከፊታቸው እየወረደ፣ እያወሩና እየተሳሳቁ ይፈትሉ ነበር። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አንዴ ጠረግ ሲያደርጉት ሾሮ ይወርዳል፤ ክሩም ከባዘቶው እየተሳበ ይከተለዋል። የእኔው እንዝርት ሾሮ ሾሮ ጭቃ ላይ ይወድቃል። ጥጡ ጉም ጠጥቶ እጄ ላይ ይሙለጨለጫል። አጥብቄ ስይዘው ይበጠሳል፤ ስለቀው ያብጣል።

"ኑ እዩ! ተማሪዋ ገመድ ገመደች!" አለች አንዷ።

ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቃቂቴን ነጠላዬ ሥር ደብቄ ነበር የምፈትለው። የደበቅሁት ፈትል ደግሞ ከፊተኛው አይሻልም። ትምህርት ቤት ስጠየቅ እጄን ቀድሜ የማወጣ ልጅ ነበርኩ፤ እዚያ ግን እጄን የማስቀምጥበት ጠፋኝ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል እናቴ ሸማኔው ዘንድ ወሰደችኝ። ልቃቂቱን እግሩን አስገብቶ በሚሸምንበት ጉድጓድ አፍ ላይ ዘረገፍነው። ሸማኔው አንዱን ክር መዝዞ ሳብ ሲያደርገው ብጥስ አለ። ሌላውን ሳበው፤ እሱም ብጥስ።

"እመት፣ ይኼ ለማግ ይሆናል" አላት። "ማግ ወፍራምም ቢሆን ግድ የለም፤ ያሞቃል። ድር ግን ተወጥሮ ነው የሚሠራበት። ይኼ ገና ሳልወጥረው አለቀ። ድሩን ሌላ ያምጡልኝ።"

እናቴ እስከ ቤት ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። በሁለተኛው ቀን ፍልሰታ ገባና ለሱባኤ ወደ ገዳም ስትነሣ የቀረውን ጥጥ አስረከበችኝ። "ስመለስ ድር ካላየሁ ነገሩ አለቀ" አለች።

አንድ ቀን ፀሐይ ብልጭ ስትል ጥጡን ጓሮ አውጥቼ ተቀመጥኩ። ፈተልኩ፤ ተበጠሰ። ቀጠልኩት፤ ተበጠሰ። ልቅሶዬ መጣ። አባቴ ፈረሱን ከግጦሽ እየሳበ ገብቶ አጠገቤ ቆመ። ከዚያ ፈረሱን አሰረና የአጥሩን በር ዘግቶ መጣ፤ ዱካ ስቦ ተቀመጠና የሱሪውን እግር እስከ ጭኑ ሰበሰበው።

"አምጪው" አለኝ።

"ምኑን?"

"እንዝርቱን ነዋ!"

ወንድ እንዝርት ሲይዝ አይቼ አላውቅም ነበር። በአገራችን ወንድ ይሸምናል፣ ይሰፋል፤ አይፈትልም። ከፈተለ ቀሚስ እንደለበሰ ነው የሚቆጠረው። አባቴ ጣቱን በምራቁ አርሶ እንዝርቱን ኮርቻ ባጠነከረው ጭኑ ላይ ጠረገው። ክሩ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ወጣ። ሳበው፤ አልተበጠሰም።

"አባዬ፣ ማን አስተማረዎት?"

"እናቴ። ሴት ልጅ አልነበራትም። ዐይኗ ሲደክም በር ዘግተን እፈትልላት ነበር።" ሳቅ አለ። "ለእናትሽ እንዳትነግሪ። እሷም አታውቅም።"

ከዚያ ወዲያ ፀሐይ በወጣች ቁጥር እኔ ጥጡን በደጋን እነድፋለሁ፣ እሱ ይፈትላል። ልጓም የያዘ እጁን ሳይታጠብ ስለሚቀመጥ ክሩ ፈረስ ፈረስ ይሸት ነበር። ደስ ብሎኛል፤ ትምህርት ቤቱ በዚያ እንዝርት እየተጠቀለለ ሲመለስልኝ ይታየኛል። ግን ያንን የተራቆተ ጭን ማየት አልቻልኩም። ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ ነበር የምነድፈው።

ታዲያ አጥሩን ስመለከት ቀርከሃው መካከል ዐይን አየሁ። ጎረቤታችን እሳት ልትጭር ገል ይዛ መጥታለች። በሩ ሲዘጋባት ጊዜ በጓሮ ዞራ ኖሯል።

"በስመ አብ!" አለች። ገሉን እዚያው ጥላ፣ እሳቱንም ሳትጭር ሄደች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴ እንዝርቱን ይደብቀዋል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን የአጥሩን ቀዳዳ ትንሽ ካየ በኋላ፣ "ይችን ልጨርስ" ብሎ ጭኑን ጠረገ።

እናቴ ከሱባኤ ስትመለስ ወሬውን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሰምታ ነው የገባችው። አልተቀመጠችም። ልቃቂቱን አንሥታ ክሩን በሁለት ጣቷ አሸችው። ደጋግማ አሸችው።

"እርስዎ ነዎት የፈተሉት?"

"እኔ ነኝ።"

"ሰው እያየ?"

"አንድ ሴት ናት ያየችው።"

"እሷስ መች አነሰች!" አለች እናቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እኔ እግሬ ሥር ያለውን ምድር ነበር የማየው። ከረጢቴን ከግድግዳው አውርዳ እጄ ላይ አኖረችው። "ትሂድ እንግዲህ" አለች። "ከዚህ በላይ ምን ልናፍር!"

ሸማኔው አዲሱን ክር ሲስበው፣ "የማን እጅ ነው እመት?" ብሎ ጠየቃት። "የቤታችን ነው" አለችው።

ጋቢው ተሠራ። ድሩ የአባቴ፣ ማጉ የእኔ። እኔም በመስከረም ተመለስኩ። ወሬው የክረምቱን ጭቃ ያህል እንኳ አይቆይም ብለን ነበር። ጥምቀት ደረሰና አባቴ ቡላውን ሸልሞ ሜዳው ላይ ብቅ አለ። "እሱ መጣ!" የሚል አልተሰማም። ከዳር የቆሙ ጎረምሶች ጭናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ "እንዝርት! እንዝርት መጣ!" አሉ። ሜዳው ሳቀ። አጠገቤ የነበሩት ልጆች ሳቁና ዞረው እኔን አዩኝ። ነጠላዬን እስከ ዐይኔ ሳብኩት። ያፈርኩት በእሱ አልነበረም፤ ያ ስም የእኔ ነበር፤ የእኔ ሰነፍ እጅ ያመጣው፤ እሱ ግን ፈረስ ላይ ተቀምጦ ተሸከመልኝ። ግልቢያውን ጨረሰ፤ ሽማግሌዎቹን ሰላም አለ፤ ፈረሱን እየሳበ በእግሩ ወደ ቤት መጣ።

በዓመቱ ጥምቀት ሲደርስ፣ "ጭኔን አሞኛል" ብሎ ከሜዳው ቀረ። ቡላውን ለወንድሙ ልጅ ሰጠው። ጎረቤቱ ሁሉ "እግዚአብሔር ይማርህ" እያለ ይገባ ነበር፤ እሳት ልትጭር የመጣችዋም ሳትቀር። እናቴ በየሳምንቱ ቅቤ አንጥራ ጭኑን ታሸው ነበር። እግሩ ደህና እንደሆነ እንደኔው ታውቃለች።

አሁን ልጅቱ ከበረንዳ ገብታ ጋቢውን ዳሰሰችው። "ይኼ የሚጎረብጠው ምንድን ነው?" ትለኛለች። የማስተምራት ፈትል የለኝም፤ እጄ ዛሬም ያው ነው። "ልበሺው፤ ብርድ ነው" አልኳት።

ኋላ ትምህርቱ ደብረ ማርቆስ ሲወስደኝ ለጥምቀት ለጥምቀት እመጣ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ሜዳው ሲወርድ አባቴ አጥሩ ጥግ ዱካው ላይ ይቀመጣል፤ ያንን ጋቢ ለብሶ። እኔም አልወርድም፤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ልለው የምፈልገው ብዙ ነበር፤ ከአፌ የሚወጣው ግን ሌላ ይሆናል።

"አባዬ፣ እግርዎ እንዴት ነው?"

"ብርዱ ነው እንጂ ደህና ነው" ይለኛል፤ የጋቢውንም ግማሽ በእኔ ትከሻ ላይ ይጥለዋል። ከሜዳው ኮቴ ይሰማል። አንዱ ኮቴ ሲቃረብ አባቴ ትንፋሹን ይይዛል። ቡላው ነው፤ እኔም እሱም ለይተነዋል። አልፎ እስኪሄድ ኮቴውን እናዳምጣለን።